ከረባት፣ ቢራቢሮና ሻርፕ፦ ወንዶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጥር ሲገባና ፋሲካ ሲያልፍ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሚደውሉት ሰርግ ያለባቸው ወንዶች ናቸው። ጥያቄያቸውም አንድ ዓይነት ነው። እንዴት ይታሰራል? ምን ቀለም ይሻላል? ወጥ ፈሰሰበት፣ ምን ላድርግ? እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም። ሃያ ምናምን ዓመት ከረባት አስሬ ሥራ የገባሁ ሰው ብቻ ነኝ። በየስልኩ ከምደጋግመው ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። "አንተ" እያልኩ ስለምጽፍ ደግሞ አንቱ የሚገባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ከረባት አስተሳሰር በአንቱታ ለማስረዳት ሞክሬ ምላሴ ተሳስሮብኛል።

ከረባት ማሰር አልችልም። ታስሮ የተቀመጠውን በጭንቅላቴ ባስገባ ምን አለበት?

ብቻህን አይደለህም። የብዙ ሰው ቁም ሳጥን ቢከፈት ከረባቱ እንደታሰረ ተንጠልጥሎ ይገኛል። አንድ ቀን አንድ የሚችል ሰው አስሮታል። ከዚያ ወዲህ በጭንቅላት ይገባል፣ በጭንቅላት ይወጣል። ከባለቤቱ ትዳር በዕድሜ የሚበልጥ ቋጠሮ አይቻለሁ።

የሚጎዳው ከረባቱ ነው። ከረባት እንደ ሸሚዝ በቀጥታ አይቆረጥም፤ በሰያፍ ነው። በ1920ዎቹ ጄሲ ላንግስዶርፍ የተባለ የኒውዮርክ ከረባት ሠሪ ጨርቁን በ45 ዲግሪ ሰያፍ እየቆረጠ ሦስት ቁራጭ መግጠም ጀመረ። ዛሬ የምንገዛው ከረባት አብዛኛው በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ቋጠሮው ጥብቅ ብሎ የሚቀመጠው፣ ሲፈታም መጨማደዱ በአንድ ሌሊት የሚጠፋው ለዚህ ነው። ካልፈታኸው ግን ጨርቁ የሚመለስበት ጊዜ አያገኝም። ቋጠሮው ላይ የጣት ወዝ ይከማቻል፣ ያብለጨልጫል፣ እየቆየም እዚያው ቦታ ላይ ይሳሳል።

እስቲ ከረባትህን ገልብጠህ ጀርባውን እየው። ሁለቱን ጠርዞች አንድ ረጅም፣ ላላ ያለ ክር ይዟቸዋል። ጥሩ ከረባት ላይ የዚህ ክር ጫፍ ትንሽ ቀለበት ሠርቶ ወደ ውስጥ ይታያል። አትቁረጠው! የተረሳ ክር መስሏቸው በመቀስ የቀነጠሱ ሰዎች አውቃለሁ። ክሩ ላላ ያለው ሆን ተብሎ ነው፤ ከረባቱ ሲሳብ አብሮት እንዲሄድ።

ባለ ዚፑና ባለ ላስቲኩ ለተማሪ ልጆች ጥሩ ነው። ጓደኛ ቢጎትተው ይለቃል። ለጥበቃ ሠራተኛም እንደዚሁ። አንተ ግን ሙሽራ ከሆንክ ወይም ሚዜ፣ እባክህ ተማር። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

አንድ ሰርግ ላይ ስድስት ሚዜዎች ነበርን። ስድስት አዲስ ከረባት ከነማሸጊያው አልጋ ላይ ተደርድሯል። መኪናው ውጭ ክላክስ ያሰማል፣ እናቶች እልል ይላሉ፣ እኛ ስልክ ከብበን ቪዲዮ እናያለን። ያኔ እኔም አልችልም ነበር። በመጨረሻ ጎረቤት ያሉ ጡረተኛ አስተማሪ ተጠሩ። ጋቢያቸውን አውልቀው መስታወት ፊት ቆሙ። አንዱን ከረባት በራሳቸው አንገት ላይ አሰሩ፣ አላሉት፣ አውልቀው ለአንዱ ሰጡ። ሁለተኛውን አሰሩ፣ አወለቁ። ስድስቱንም እንዲሁ አደሉን። "የኔ ልጆች፣ ዲግሪ አላችሁ አይደል?" አሉና ጋቢያቸውን ደርበው ሄዱ። በሳምንቱ ተማርኩ።

እሺ፣ አስተሳሰሩን ንገረኝ።

ለሕይወትህ ሁሉ የሚበቃህ አንድ ቋጠሮ ነው። ፈረንጆቹ ፎር ኢን ሃንድ ይሉታል። ስሙ የመጣው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሠረገላ ነው፤ አራት ፈረስ በአንድ ነጂ እጅ ሲነዳ እንደዚያ ይባል ነበር።

መስታወት ፊት ቁም። ኮሌታህን ወደ ላይ አንሳ፣ የላይኛውን የሸሚዝ ቁልፍ ቆልፍ። ከረባቱን አንገትህ ላይ ጣለው፤ ሰፊው ጫፍ በቀኝህ፣ ቀጭኑ በግራህ ይሁን። ሰፊው ከቀጭኑ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ወደ ታች ይውረድ። አሁን ሰፊውን በቀጭኑ ላይ ወደ ግራ አሻግረው። ከቀጭኑ ጀርባ አዙረህ ወደ ቀኝ መልሰው። እንደገና በፊት ለፊት ወደ ግራ አሻግረው። ይሄ የመጨረሻው ዙር ቋጠሮው ፊት ላይ እንደ ቀለበት ይቀመጣል፤ ጣትህን ከሥሩ አስገብተህ ክፍት አድርገህ ያዝለት። ሰፊውን ጫፍ በአንገትህ በኩል ከሥር ወደ ላይ አውጣውና ጣትህ በያዘው ቀለበት ውስጥ ወደ ታች አሳልፈው። ቀጭኑን ይዘህ ቋጠሮውን ቀስ እያልክ ወደ ላይ ግፋ። አለቀ።

ከመጥበቁ በፊት አንድ ነገር አትርሳ። ከቋጠሮው ሥር ጨርቁን በሌባ ጣትህ መሐል ለመሐል ጫን አድርገውና ያኔ አጥብቀው። ትንሽ ስርጉድ ይሠራል፤ ልክ እንደ ጉንጭ ስርጉድ። ከረባት የለመደና ያልለመደ ሰው ከሩቅ የሚለየው በዚህች ስርጉድ ነው።

ቋጠሮው ትንሽ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ይመስልሃል። ተወው፣ ተፈጥሮው ነው። ልክ እንደ ሳምቡሳ ሦስት ማዕዘን የሆነውን ትልቁን ቋጠሮ የምትወድ ከሆነ እሱ ዊንዘር ይባላል። የሚገርመው ስሙን የወሰደበት የዊንዘሩ መስፍን፣ የቀድሞው የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ፣ ያን ቋጠሮ አያስርም ነበር። ገበሩ ወፍራም የሆነ ከረባት እያሠራ ተራውን ቋጠሮ ነበር የሚያስረው። ሰው ግን ቋጠሮው መስሎት ሲኮርጅ ኖረ። እኔ ዊንዘርን ብዙም አልወደውም። ፊቱ ሰፊና አንገቱ ረጅም ለሆነ ሰው ያምራል፤ ለቀረነው ግን አገጭ ሥር ድንች የተወሸቀ ያስመስላል።

በ1999 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ቶማስ ፊንክና ዮንግ ማኦ የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት ቁጭ ብለው በሒሳብ ቆጠሩት። በተለመደ ከረባት የሚታሰር ቋጠሮ 85 ነው አሉ። ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ከ85ቱ አንዷን ከቻልክ ይበቃል።

ጫፉ የት ድረስ ይውረድ?

ቀበቶህ ዘለበት ላይ። ከዚያ ካጠረ ልጅ ያስመስልሃል፣ ከዚያ ከረዘመ ደግሞ ሱሪህን የሚያመለክት ቀስት ይሆናል። ተራ ከረባት ወደ 145 ወይም 150 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ቁመትህ አጭር ከሆነ ሰፊውን ጫፍ ከመነሻው ትንሽ አሳጥረህ ጀምር፣ የተረፈውን ቀጭን ጫፍ ሸሚዝህ ውስጥ በሁለት ቁልፎች መሐል ሸጉጠው። ቦርጭ ካለህ ደግሞ ቁጭ ብለህ ሳይሆን ቆመህ ለካ።

ስፋቱስ ካልከኝ፣ የኮትህን ደረት ላይ የሚታጠፈውን ክፍል አይተህ ተቀራራቢ ምረጥ። ከ7 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ያለው ከየትኛውም ዘመን ኮት ጋር ይስማማል። እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነውን ፋሽን ሲያልፍ የምትሰጠው ሰው ታጣለህ።

ቋጠሮዬ እየወረደ ያስቸግረኛል። ከረባቱ መጥፎ ስለሆነ ነው?

ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ጥፋቱ የሸሚዙ ነው። ኮሌታው ይጠብሃል፤ ስለዚህ የላይኛውን ቁልፍ ከፍተህ በከረባቱ ልትሸፍነው ትሞክራለህ። እሺ አይልም። ኮሌታው ይከፈታል፣ ቋጠሮው ይንሸራተታል፣ ቁልፉ ብቅ ይላል።

ሸሚዝ ስትገዛ የላይኛውን ቁልፍ ቆልፈህ ጣትህን አስገባ። አንድ ጣት ያለ ችግር መግባት አለበት። ጭራሽ ካልገባ ይጠብሃል፤ ሦስት ጣት ከገባ ሸሚዙ የአንተ አይደለም። ወፍረህ ከሆነ ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ቁልፉን ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ይተክልልሃል። የሚያስከፍልህ የማኪያቶ ዋጋ ነው። ከረባት በላይ ከረባት ከመግዛትህ በፊት ይህችን ሞክር።

አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ ከኮሌታው በላይ እየወጣ ከቋጠሮው ጋር ይጣላል የሚሉኝም አሉ። ኮሌታው ልክ ከሆነ ማተቡ በሸሚዙ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይወጣም። ይኸውም የዚሁ የኮሌታ ጉዳይ ነው።

ማነው ይሄን ነገር ያመጣብን?

ክሮኤሽያውያን። ታሪኩ እንዲህ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከ1618 እስከ 1648 በአውሮፓ የሠላሳ ዓመት ጦርነት ሲካሄድ፣ የክሮኤሽያ ቅጥር ወታደሮች ለፈረንሳይ ሊዋጉ መጡ። አንገታቸው ላይ ጨርቅ ያስሩ ነበር። ፓሪሶች ወደዱት፤ ንጉሡ ሉዊ 14ኛም ለበሰው፤ ቤተ መንግሥቱ ሁሉ ተከተለ። "ክሮኣት" የሚለው የሕዝቡ ስም በፈረንሳይኛ "ክራቫት" ሆነ። እኛ ዛሬ "ከረባት" ስንል ሳናውቀው አንድ የባልካን ሕዝብ እየጠራን ነው።

ክሮኤሽያውያንም ይህን አልረሱትም። በ2003 ፑላ ከተማ ባለው የሮማውያን አምፊ ቲያትር ዙሪያ 808 ሜትር የሚረዝም ቀይ ከረባት አስረውበታል። ጥቅምት ወር ውስጥም፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 18፣ የከረባት ቀን ብለው በየዓመቱ ያከብራሉ።

አንገት ላይ ጨርቅ ማሰሩ ግን ከእነሱም በፊት ነበር። ቻይና ውስጥ በ1974 ገበሬዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኟቸው የንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ የሸክላ ወታደሮች አንገታቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመዋል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሮም ውስጥ በ113 በተሠራው የትራጃን ዓምድ ላይ የተቀረጹ ወታደሮችም እንደዚሁ። ከረባት የወታደር ልጅ ነው።

መስመር ያለው ከረባትም ከወታደር ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። እንግሊዝ አገር የእያንዳንዱ ክፍለ ጦርና ትምህርት ቤት የራሱ ቀለምና መስመር አለው። ያልተማርክበትን ትምህርት ቤት ከረባት አስረህ ለንደን ውስጥ ብትታይ "የስንት ዓመተ ምሕረት ተማሪ ነህ?" ብሎ የሚያፋጥጥህ ሽማግሌ ሊያጋጥምህ ይችላል። አሜሪካኖች ይህን ጣጣ ለመሸሽ መስመሩን ገልብጠው መሥራት ለመዱ። የእንግሊዙ ከግራ ትከሻህ ወደ ቀኝ ይወርዳል፤ የአሜሪካው ከቀኝ ወደ ግራ። አዲስ አበባ ውስጥ ማንም አይጠይቅህም።

ከረባት ለጤና ጎጂ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ከጠበቀ፣ አዎ፣ ትንሽ። በ2018 ጀርመን ውስጥ በኪል ከተማ ተመራማሪዎች 30 ወጣት ወንዶችን ወስደው ከፊሎቹን ከረባት ጥብቅ አድርገው አሰሯቸው። የአንጎላቸው የደም ፍሰት በአማካይ 7.5 በመቶ ቀነሰ። በ2003 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጥብቅ ከረባት የዓይን ውስጥ ግፊትን እንደሚጨምር አሳይቷል። ግላኮማ የተባለው የዓይን በሽታ ያለበት ሰው የዓይን ግፊቱን ሊለካ ሲሄድ ከረባቱን ላላ ማድረጉ አይከፋም።

በተረፈ ጤናማ ለሆነ ሰው የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ጣት የሚያስገባ ኮሌታ ያልኩህ ለዚህም ነው። ከረባት ኮሌታውን ይይዛል እንጂ አንገትን አያንቅም። ካነቀህ ሌላ ችግር አለ ማለት ነው።

ይልቅ ሐኪሞች የሚፈሩት ጀርሙን ነው። ሸሚዝ በየቀኑ ይታጠባል፤ ከረባት ግን መቼ ታጥቦ ያውቃል? እንግሊዝ አገር በ2007 የወጣ የመንግሥት መመሪያ የሆስፒታል ሐኪሞች ሕመምተኛ ሲያዩ ከረባት እንዳያደርጉ መክሯል።

ሐር ነው ብለው ሸጡልኝ። በምን አውቃለሁ?

ሱቅ ውስጥ ሆነህ ማድረግ የምትችለው መዳሰስና ማንጠልጠል ነው። ቀጭኑን ጫፍ ይዘህ ልቀቀው። እየተሽከረከረ ከተጣመመ አቆራረጡ ትክክል አይደለም፤ ለዘለዓለሙ እየተጣመመ ይኖራል። ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ጥሩ ነው።

ቤትህ ስትገባ ደግሞ ከውስጥ ጠርዙ አንድ ክር መዝዘህ ለኩሰው። እውነተኛ ሐር እንደ ፀጉር ይሸታል፣ ሲነኩት የሚፈርስ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጠጣር ዶቃ ይሠራል። ሻጩ ፊት ይህን እንዳታደርግ፣ ኋላ እኔን እንዳታስወቅስ።

ፖሊስተር ነው ብለህ ግን አትጣለው። ለዕለት ተዕለት ሥራ፣ በታክሲ ተጋፍቶ ለሚሄድ ሰው፣ በቂ ነው። ጉዳቱ ቋጠሮው እንደ ሐር አጥብቆ አለመያዙና ብርሃን ላይ ማብረቅረቁ ነው። ደግሞ ሳልባጅ ቤት ገብተህ ታውቃለህ? አንዳንዴ ከኮትና ከሱሪ ክምር መሐል ሰው የናቀው የሐር ከረባት ይገኛል። እኔ ከምወዳቸው ሦስቱ ሁለቱ ከዚያ የመጡ ናቸው።

ምን ቀለም ልግዛ?

አንድ ብቻ የምትገዛ ከሆነ ጥቁር ሰማያዊ፣ ያለ ጌጥ ወይም በጣም ትናንሽ ነጠብጣብ ያለው። ለሥራ ፈተና ይሆናል፣ ለሰርግ ይሆናል፣ ለሽምግልና ይሆናል። ሁለተኛ ከጨመርክ የደረቀ ደም የሚመስለውን ቀይ ጨምር። ሦስተኛው እንዳሻህ።

ጥቁር ልሙጥ ከረባት ግን ሐዘን ያስታውሳል። ለቀብር ትክክለኛው እሱ ነው፤ የማያብለጨልጭ፣ ያለ ማስያዣ፣ ያለ ኪስ መሐረብ። የሟች ቤተሰብ ከሆንክ ደግሞ ከረባት የሚጠብቅብህ ሰው የለም። በዚያን ቀን አንተን ተመልክቶ ስለ ልብስህ የሚያስብ ካለ እሱ ይፈር።

ሰርግ ላይ የሚዜዎቹ ከረባት ከሴት ሚዜዎቹ ቀሚስ ጋር አንድ ይሁን ብሎ ሙሽሪት ትእዛዝ ታወጣለች። አትከራከር። ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ግዙ። "ወርቃማ" የሚባለው ቀለም በየሱቁ የተለያየ ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው ፎቶው ከታጠበ በኋላ ነው።

ጥሪ ወረቀቱ ላይ "ብላክ ታይ" ይላል። ጥቁር ከረባት አድርጌ ልሂድ?

ቆይ! ይሄ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። "ብላክ ታይ" ማለት ቱክሲዶ የተባለው የማታ ግብዣ ሙሉ ልብስና ጥቁር ቢራቢሮ ከረባት ማለት ነው። ረጅም ጥቁር ከረባት አድርገህ ከሄድክ አስተናጋጅ መስለህ ሰው ውኃ ያዝህ ይሆናል። ቱክሲዶ ስሙን ያገኘው ኒውዮርክ አጠገብ ካለው ቱክሲዶ ፓርክ ነው፤ እዚያ የነበሩ ሀብታሞች በ1880ዎቹ ባለ ጭራውን ኮት ትተው አጭሩን መልበስ ለመዱ። "ዋይት ታይ" ካለ ደግሞ ባለ ጭራ ኮትና ነጭ ቢራቢሮ ነው። ስቶክሆልም ላይ የኖቤል ሽልማት የሚቀበሉ ወንዶች እንደዚያ ለብሰው ታያቸዋለህ። አንተ ጋ እንደዚህ ያለ ጥሪ ከደረሰህ እንኳን ደስ አለህ፤ ልብሱን ተከራይ።

ቢራቢሮ በእጅ የሚታሰርም አለ፣ ተዘጋጅቶ በመንጠቆ የሚያያዝም። ከረባት ላይ ጠንክሬ፣ እዚህ ላይ ላላ እላለሁ። መንጠቆውን አድርግ። የጫማ ማሰሪያህን አበባ አድርገህ የምታስር ከሆነ ግን እውነተኛውንም ትችላለህ፤ አስተሳሰሩ ያው ነው። መጠኑን ብቻ ጠብቅ፦ የቢራቢሮው ክንፍ ከፊትህ ስፋት አይለፍ።

ከሀበሻ ልብስ ጋር ከረባት ይሄዳል?

አይሄድም። ደረቱ ላይ ጥልፍ ያለበት የሀበሻ ሸሚዝ ኮሌታውም የለም፣ ጥልፉ ራሱ የከረባትን ቦታ ይዟል። ኮት ብትደርብበት ያምራል። ከረባት ብትጨምርበት ሁለት ዘፋኝ በአንድ ማይክ ይሆናል።

በሙሉ ልብስ ላይ ጥለት ያለው ሻርፕ ጣል ማድረግስ? ይሄ ሌላ ነገር ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው፣ ሸማኔ በእጁ የሠራው ቀጭን የጥጥ ሻርፕ ከጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ጋር በጣም ያምራል። በተለይ ውጭ አገር ያሉ ሙሽሮች ነጭ የፈረንጅ ሸሚዝ አድርገው በዚህ ሻርፕ አገራቸውን ሲያስታውሱ አይቻለሁ። ያኔ ከረባቱ ልሙጥ ይሁን፣ ጥለቱ ይናገር። በጉሎ ቅጠል ከሚመገበው ትል የሚገኝ የአገር ውስጥ ሐርም አለ፤ በሻርፕ መልክ ይሠራል። ሸካራ ነው፣ አያብለጨልጭም፣ ለወንድ የሚሆነው እሱ ነው። ለፈረንጅ አለቃህ ስጦታ ከፈለግህም ከቡና ቀጥሎ እሱን አስብ።

ቅዝቃዜ አገር ነኝ። ከካፖርት ጋር ሻርፕ እንዴት ይደረጋል?

ሚኒሶታም ሁን ስቶክሆልም፣ ሕጉ አንድ ነው፤ ሻርፕ የውጭ ነው። ቢሮ ስትገባ ከካፖርቱ ጋር ይወልቃል። ከሱፍ ጋር የሚሄደው ከበግ ፀጉር ወይም ካሽሚር ከተባለው ለስላሳ የፍየል ፀጉር የተሠራ፣ ቀጭን፣ አንድ ቀለም የሆነው ነው። ግራጫ ግዛ፣ አትጸጸትም። የእግር ኳስ ክለብህን ሻርፕ ለስታዲየም ተወው።

ቀላሉ አደራረግ አንገት ላይ ጥሎ ሁለቱን ጫፎች ደረት ላይ አነባብሮ ካፖርቱን መቆለፍ ነው። ከረባትህን ይሸፍናል፣ ደረትህን ያሞቃል። በጣም ሲበርድ ሻርፑን ለሁለት እጠፈው፣ አንገትህ ላይ ጣለው፣ ሁለቱን ጫፎች በታጠፈው በኩል አሾልካቸው። ነጭ የሐር ሻርፕ ባለ ዘርፍ ግን ከቱክሲዶ ጋር ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥስ? ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ላይ ቀጭን የጥጥ ሻርፕ ይበቃል። ከዚያ ውጭ በቀትር ፀሐይ የበግ ፀጉር ሻርፕ ጠምጥሞ ቦሌ ላይ የሚሄድ ሰው ጉንፋን ይዞት መሆን አለበት።

ወጥ ፈሰሰበት!

አትሸው። መጀመሪያ የሚመጣልህ በእርጥብ ሶፍት መፈተግ ነው፤ ይህን ካደረግህ ዘይቱን ወደ ውስጥ ታስገባዋለህ፣ ሐር ከሆነ ደግሞ ውኃው ራሱ ቀለበት የመሰለ ምልክት ይጥልበታል። በደረቅ ሶፍት ጫን እያልክ ቅባቱን ምጠጠው። ቤት ስትገባ የሕፃናት ፓውደር ነስንሰህ አሳድረው፣ ጠዋት በለስላሳ ብሩሽ አራግፈው። ቅባቱን በደንብ ይመጥጣል። የበርበሬው ቀለም ግን ላይወጣ ይችላል። እሱን ለላውንደሪ ስትሰጥ "አትተኩሱት" በላቸው። ጠርዙ በካውያ ከተዳጠ ከረባቱ እንደ ሪባን ጠፍጣፋ ይሆናል።

ከተጨማደደ ገላህን ስትታጠብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስቀለው፤ እንፋሎቱ ይፈታዋል። ማታ ማታ ደግሞ ቋጠሮውን በሳብክበት መንገድ ወደ ኋላ ፍታና ጠቅልለህ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው።

ዶሮ ወጥ ሲቀርብ ከረባትን ትከሻ ላይ መጣል ነውር ነው ወይ የሚሉኝ አሉ። እኔ ነውር አላደርገውም። ግን ጫፉን በሸሚዝ ቁልፎች መሐል መሸጎጥ ይሻላል። ጉርሻ ሊያጎርስህ የተነሳ ዘመድ ትከሻህንም አይምርም።

ዘመኑ አላለፈበትም?

በየቦታው እየላላ ነው። ጃፓን በ2005 አየር ማቀዝቀዣ ለመቆጠብ ብላ የመንግሥት ሠራተኞቿን በበጋ ከረባት አስወልቃለች። የእንግሊዝ ፓርላማ በ2017 ወንድ አባላት ያለ ከረባት እንዲናገሩ ፈቅዷል። ጎልድማን ሳክስ የተባለው ትልቅ ባንክ በ2019 የአለባበስ ደንቡን አላልቷል። ኒውዚላንድ ውስጥ በ2021 የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማኦሪዎች ፓርቲ ተባባሪ መሪ ራዊሪ ዋይቲቲ በከረባት ፈንታ የባህሉን የአንገት ጌጥ አድርጎ በመገኘቱ ከምክር ቤት እንዲወጣ ተደረገ፤ ወዲያው ግን ደንቡ ራሱ ተቀየረ። ኢራን ደግሞ ከ1979ኙ አብዮት ወዲህ ባለሥልጣኖቿ የምዕራባውያን ምልክት ነው ብለው አያስሩትም።

እኛ አገር ባንክ ቤትና ሰርግ እስካሉ ድረስ የትም አይሄድም። የሥራ ፈተና ካለህና ከተጠራጠርክ አድርገህ ሂድ። እነሱ ካላደረጉ ፈትተህ ኪስህ ውስጥ ትከተዋለህ። ሳታደርግ ሄደህ እነሱ አድርገው ከጠበቁህ ግን ከየት ታመጣለህ?

አንብቤም አልቻልኩም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፊት ለፊት ቆሞ የሚያሳየውን ሰው ሲከተል ነው። ቀኙ ግራህ ይሆናል። የሚያስተምርህ ሰው ካለ ከኋላህ ይቁም፣ ሁለታችሁም መስታወቱን እዩ፣ እጁን በትከሻህ ላይ አሳልፎ ይሰርልህ። ብቻህን ከሆንክ ቁጭ በልና ጭንህ ላይ እሰረው፤ እጅህ የሚያደርገውን ዓይንህ ያያል። የሰርጉ ጠዋት ሳይሆን ከሳምንት በፊት ጀምር። ተሳካ? ፍታውና ድገመው።